መጨረሻው አስለቀሰኝ

ደብረ ማርቆስ ላይ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሁለት ነገር ይጠየቃል። አንደኛው "ጤፍ ስንት ገባ?" ነው። ሁለተኛው "ምን እያነበብህ ነው?" ነው። በጤፉ መዋሸት አይቻልም፤ ገበያ ውሎ የተመለሰ ሁሉ ዋጋውን ያውቀዋል፣ ብትሳሳት ተሸካሚው ሳይቀር ያርምሃል። በሁለተኛው ግን ሚዛን የያዘ ሰው ስለሌለ ሁላችንም እንደ ልባችን እንሰፍራለን።

የምንሰፍረው እታለም ቡና ዘንድ ነው። እታለም መጠሪያዋ አይደለም፤ ከመካከላችን ስሟን የጠየቃት ስለሌለ ሁላችንም እታለም እንላታለን። በቆርቆሮ ጥላ ሥር አምስት በርጩማ፣ አንድ ረከቦት፣ ከሰሉ፣ ጀበናው፣ ከሥሩ ቄጤማ። አምስት በርጩማ ስላለ አምስት ነን። አቦሉ በጤፍ ያልቃል፣ በረካው በሐሜት። የመጽሐፍ ወሬ የቶና ነው።

ባንክ ቤት የሚሠራው ወዳጃችን ከዐሥር ዓመት ወዲህ የሚያነበው ስለ ሀብት ብቻ ነው። ባለጸጎች ሌሊት ስንት ሰዓት እንደሚነሡ፣ ገና ዓይናቸውን ሳይገልጡ ምን እንደሚያስቡ፣ ገንዘብ ሰውን እንዴት እንደሚወድድ ይነግረናል። እሱም እንደ መጽሐፉ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሣል። ተነሥቶ ምን እንደሚሠራ መጽሐፉ ስላልነገረው ተመልሶ ይተኛል። የቡናውን ሒሳብ የምንከፍለው እኛ ነን።

መምህሩ የሚይዘው የእንግሊዝኛ ነው። እንደ ጡብ የወፈረ፣ ርእሱ ወደ ውጭ፣ ከብብቱ የማይለይ። ክረምት ሲገባ ዝናብ ይከልልበታል፤ በጋ ሲሆን በርጩማ ላይ አኑሮት ይቀመጥበታል። "ወደ አማርኛ ቢመለስ ጣዕሙ ይጠፋል" ይለናል። እኛም ጣዕሙ እንዳይጠፋ ብለን አንጠይቀውም።

ፋርማሲስቱ ደግሞ ሰው እጅ የገባ መጽሐፍ አያነብም። የሚያነበውን ሲነግረን ሁልጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፦ "ገበያ ላይ የለም። እኔም በሰው በሰው ነው ያገኘሁት።" እስቲ አሳየን ስንለው አውሶታል። ለማን? ላልነገረን ሰው። መጀመሪያ ይዋሻል ብዬ አስብ ነበር። ኋላ አንድ ቀን መድኃኒት ልገዛ ሄጄ ከፊቴ የተሰለፉትን ሰባት ሰዎች በሙሉ በዚያው ድምፅ "ገበያ ላይ የለም" ብሎ ሲመልሳቸው ሳይ፣ የሥራ ጠባይ ሆኖበት እንደሆነ ገባኝ።

አራተኛው ሻምበል ናቸው፤ ጡረተኛ። የሚያነቡት ታሪክ ነው፣ የሚጀምሩትም ከኋላ ነው። የታሪክ መጽሐፍ ሲገዙ እዚያው ሻጩ ፊት ቆመው የስም ማውጫውን ይገልጣሉ፤ አያታቸው አሉ ወይ? ካሉ መጽሐፉ "በጥናት ላይ የተመሠረተ" ነው። ከሌሉ ደራሲው ጎጃምን አያውቅም። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ሲነግሡ አያታቸው ከዙፋኑ በስተቀኝ ስንተኛው ላይ እንደ ቆሙ በደንብ ያውቃሉ፤ አንድም ጸሐፊ ግን እስካሁን በዚያ በኩል አልዞረም።

አምስተኛው እኔ ነኝ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ፣ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሊቅ ነኝ። ከማንኛውም መጽሐፍ 40 ገጽና የጀርባ ሽፋኑን ስጡኝ እንጂ ቶናውን በሙሉ ይዤ እውላለሁ። በዚህ ረገድ የአማርኛ ሰዋስው ውለታው አለብኝ። "አነበብሁት" ያለ ሰው ይጠየቃል፤ መጨረሻው እንዴት ሆነ? ማን ሞተ? ይባላል። "እያነበብሁት ነው" ያለን ሰው ግን ማን ይነካዋል? ገና ነዋ! ከዓባይ በረሃ እስከ ጮቄ ተራራ ድረስ ሽፍታ የተደበቀበት ጫካ ቢቆጠር እንደ "እያ" ሰው የሚደብቅ የለም። እኔ "እያ" ውስጥ ከገባሁ ሃያ ዓመት አለፈኝ፤ እስካሁን የያዘኝ የለም።

ጎጃም ውስጥ ደግሞ አለማንበብ ዝም ብሎ የሚታለፍ ነውር አይደለም። ዋሸራው እዚህ፣ ጎንጁ እዚህ፣ ዲማው እዚህ፤ የቅኔ አገር ነን እያልን ያደግን ነን። ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት እዚሁ አጠገባችን እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። "ፍቅር እስከ መቃብር" በ1958 ታትሞ ማንኩሳንና ዲማን አገር ሁሉ እንዲያውቃቸው አደረገ። ስለዚህ የጎጃም ሰው ሆኖ እሱን መጽሐፍ አላነበብሁትም ማለት የአጎቴን ቤት አላውቀውም እንደ ማለት ነው፤ የሚደፍረው የለም። እውነቱን እንነጋገር ካልን ብዙዎቻችን ያነበብነው በጆሯችን ነው፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው። በጆሮ ማንበብም ማንበብ ነው፣ አልነቅፍም። ችግራችን ጉዱ ካሣ ላይ ነው። ከማንም የሰማነውን ደኅና ነገር ሁሉ "ጉዱ ካሣ እንዳለው" ብለን እንጀምራለን። ሻምበል አንድ ቀን ጉዱ ካሣ ስለ ውኃ ቆጣሪ የተናገረውን ጠቅሰውልናል።

የአቸፈሩ አቤ ጉበኛ "አልወለድም"ን በ1955 አሳትሞ መጽሐፉ በታገደ ጊዜ፣ ሰው ያነበበውን ይደብቅ ነበር። እኛ ያላነበብነውን ነው የምንደብቅ። ድካሙ ግን ያው ነው።

አሁን ወደ መጽሐፌ ልምጣ።

የገዛሁት መስከረም 2012 ነው፤ መናኸሪያው በር ላይ ላስቲክ ዘርግቶ ከሚሸጥ ልጅ። ልብ ወለድ ነው። ርእሱንም ደራሲውንም አልጠራም፤ ደራሲው ምንም አላደረገኝም። 128 ገጽ ነው። አንዲት ልጅ አንድ ልጅ ትወድዳለች፣ እናቷ እምቢ ትላለች፤ ይህን ያህሉን የጀርባ ሽፋኑ ለሁሉም በነጻ ይናገራል። በዚያው ማታ ጀመርሁት። ገጽ 47 ላይ መብራት ጠፋ። የገጹን ጆሮ አጥፌ ተኛሁ። መብራቱ በማግስቱ ተመለሰ፤ እኔ ግን አልተመለስሁም።

ቅዳሜ ደረሰ። ባለባንኩ ስለ አንድ ሚሊየነር ቁርስ አስረዳን፣ መምህሩ ጡቡን ከቀኝ ብብቱ ወደ ግራው አዛወረ፣ ተራው የእኔ ሆነ። "አንድ ልብ ወለድ ይዤ ነበር" አልሁ። እዚህ ላይ ባቆም ደግ ነበር። "በአንድ ሌሊት ጨረስሁት" አልሁ ደግሞ። ከጫካዬ ወጣሁ ማለት ነው። ፋርማሲስቱ ዓይኑን ሲያጠብብብኝ ነገሩን ማሰሪያ ላበጅለት ብዬ፦

"መጨረሻው አስለቀሰኝ።"

"እንግዲያ አውሰኛ!" አለ መምህሩ።

መጽሐፍ የሚያውስ ሞኝ፣ ተውሶ የሚመልስ የባሰ ሞኝ ይባላል። አዋስሁት። በሳምንቱ መምህሩ ሲመጣ ገና በርጩማው ላይ ሳይደላደል ራሱን ነቀነቀ። "አንተዬ፣ መጨረሻው!" አለ። "እኔንም አስለቀሰኝ።" እኔ መጨረሻውን ስለማላውቀው እንዴት እንደማጽናናው ቸገረኝ። መጽሐፉስ? ለምራቱ ደጀን ልኮላታል።

ከዚያ ወዲያ የመጽሐፌን ወሬ የምሰማው እንደ ስደተኛ ዘመድ ከመንገደኛ አፍ ሆነ። ደጀን ታየ አሉ። ከደጀን አንድ ሾፌር ወደ ቢቸና ይዞት ወጣ። ሞጣ አንዲት ነርስ እጅ ከረመ። ባሕር ዳር ገባ። ከባሕር ዳር በዳንግላና በእንጅባራ ዞሮ ቡሬ፣ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም። ዓባይ ጎጃምን እንደሚዞር መጽሐፌ ጮቄን መሐል አድርጎ ዞረ። ከየደረሰበት የሚመጣው ቃል አንድ ነው፤ መጨረሻው ያስለቅሳል። ከቡሬ የመጣ የበርበሬ ነጋዴ እንኳ ዓይኑን እየጠረገ ነገረኝ፤ ከበርበሬው ይሁን ከመጽሐፉ አልለየሁትም።

በሁለተኛው ዓመት ባለባንኩ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣና ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው።

"ይህን ሳታነብ እንዳትሞት" አለኝ። "የሰው ነው ታዲያ። በሳምንቱ ትመልሳለህ። ገጽ አይታጠፍ፣ ወጥ ቤት አይግባ። መጨረሻውን አልነግርህም።"

ጋዜጣውን ገለጥሁት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በራሴ እጅ ጽሑፍ ስሜና "መስከረም 2012" የሚል አለ። በላዩ ላይ መስመር ተሠርዞበታል፤ ከሥሩ በሦስት ዓይነት እስክሪብቶ የሦስት ባለቤቶች ስም ተጽፏል፣ አንደኛው በማኅተም። የእኔ ነው ልል አፌን ከፈትሁ። ብል የሚከተለው ጥያቄ ታየኝ። ቀድሜ ያለቀስሁት እኔ መሆኔን እንኳ ሁሉም ረስቶታል። "አመሰግናለሁ፣ በጥንቃቄ እይዘዋለሁ" ብዬ ተቀበልሁት።

ማታ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና እንደ መርማሪ ገጽ በገጽ አየሁት።

መምህሩን ያወቅሁት በእርሳሱ ነው። ከገጽ 5 እስከ ገጽ 12 ያልተሰመረበት መስመር የለም፤ "እና" ሳይቀር ተሰምሮበታል። 14 ላይ ይሳሳል። 19 ላይ አንዲት አራት ነጥብ አስምሮባት ያቆማል፤ ከዚያ ወዲያ እርሳስ የለም። 23 ላይ የሽሮ ጠብታ አለ፣ ከነጭልፋው ጉዞ፣ 24 ላይ ደርቋል፣ 25 ንጹሕ ነው። 31 ላይ ከደጀን ቢቸና የተቆረጠ የመኪና ቲኬት ተሰክቷል፤ ሾፌሩ መሆን አለበት፣ እዚህ ወርዷል። 38 ላይ በኅዳጉ "ዩሪያ 2 ኩንታል" ይልና ከጎኑ ስልክ ቁጥር አለ። 44 ላይ አንድ ሰው በቀይ "እውነት ነው!!!" ብሎ ጽፏል፤ መስመሩን ሳነበው "ዝናቡ እንደ ጣለ ነው" ይላል። 47 ላይ የእኔው የታጠፈ ጆሮ፣ ሁሉም አክብሮት ማንም አላቃናውም። 52 ላይ ሕፃን ልጅ ሀ ሁ ሂ ጽፎበታል፤ እስከ ሆ ሳያቋርጥ የዘለቀ ብቸኛው ሰው እሱ ነው። 58 ላይ የሐኪም ማዘዣ አገኘሁ፤ ፋርማሲስቱ ነው። ማዘዣው ላይ ያለው መድኃኒት በዚያው "የለም" ተብሎበታል። ከሁሉም ሩቅ የሄደው ባለባንኩ ነው። ገጽ 64 ግርጌ ላይ "64 × 2 = 128። ግማሽ!" ብሎ ሒሳቡን ሠርቶ ከሥሩ ሁለት መስመር አስምሯል። ሒሳቡ ተዘጋ ማለት ነው።

ከ65 ወዲያ ወረቀቱ እንደ ጥቅምት ሰማይ የጠራ ነው።

መጨረሻው ገጽ ላይ "ማስታወሻ" የሚል ርእስና ባዶ መስመሮች አሉ፤ እዚያ ላይ አንዲት የጓዳ ባለሙያ የዕቁብ ዕጣ አሰልፋበታለች። ከእሱ በፊት ያሉትን ገጾች ልገልጥ ስል እምቢ አሉኝ። ከላይ ተያይዘዋል። ማተሚያ ቤት የሠራ ጎረቤት ኋላ እንዳስረዳኝ፣ መጽሐፍ የሚታተመው በሰፊ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ሲተጣጠፍ 16 ገጽ ይወጣዋል፤ እጥፋቶቹ ተደራርበው ከተሰፉ ወይም ከተጣበቁ በኋላ ዳሩ በመቁረጫ ይቆረጣል። የእኔ 128 ገጽ ስምንት እጥፋት ነው። ስምንተኛው ትንሽ ወደ ውስጥ ሸሽቶ ስለታጠፈ መቁረጫው ስቶታል። ከ113 ወዲያ ያለውን ለማንበብ ቢላዋ ያስፈልጋል።

ቢላዋ የነካው ሰው የለም። ደጀን አልነካውም፣ ሞጣ አልነካውም፣ ቡሬ አልነካውም። ያ ሁሉ እንባ ካልተከፈተ በር ውጭ ቆሞ የፈሰሰ ነው። የመጀመሪያውን ያፈሰስሁት ደግሞ እኔ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ላጋልጣቸው ቆርጬ ሄድሁ፤ እነሱን ሳጋልጥ እኔ የት እንደምቆም መንገድ ላይ ሳስበው ግን ጉልበቴ ከዳኝ። ቶናው ሲቀዳ እንዲያው በዘዴ ጣል አደረግሁ፦ "መጨረሻው ላይ ግን ልጅቱ ያደረገችው ልክ ነው?"

እሳት ጫርሁ! መምህሩ ልጅቱ ራሷ ልጅ አይደለችም፣ የትውልድ ምሳሌ ናት አለ። ባለባንኩ እናቷን ገንዘብ አስይዛ ብታሳምናት ኖሮ አትጎዳም ነበር አለ። ሻምበል በእሳቸው ዘመን ሴት ልጅ እንዲህ ብታደርግ ምን ይደረግ እንደ ነበር ዘረዘሩ። ፋርማሲስቱ ይህ የታተመው መጨረሻ ተለዝቦ ነው፣ ዋናው መጨረሻ እኔ ዘንድ አለ፣ ገበያ ላይ ግን የለም አለ። እኔም ዝም አላልሁም፤ ልጅቱን ደግፌ ረጅም ንግግር አድርጌያለሁ። በጣም ጥሩ ውይይት ነበር።

እታለም ጀበናውን ከከሰሉ አነሣችና ሳትቀዳ ቆየች።

"ልጅቷ ስሟ ማን ነው?" አለች።

ዝም። ከሰሉ ብቻ ተንጣጣ። ባለባንኩ ሰዓቱን አየ። ሻምበል ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ስም ምን ያደርጋል እታለም፣ ዋናው ቁም ነገሩ ነው" አሉ።

"እኔስ ልቅሶ ስደርስ" አለች እየቀዳች፣ "ቢያንስ የሟቿን ስም ጠይቄ ነው የማለቅስ።"

በረካውን ሳንጠጣ ተበተንን።

በዚያ ሰሞን አጎቴ ከዲማ በኩል መጡ። መሪጌታ ናቸው፤ ለመሬት ጉዳይ ቀጠሮ ነበራቸውና ቀጠሮው በሁለት ሳምንት ስለተዛወረ እኔው ዘንድ ሰነበቱ። የያዙት አንድ ነገር ነው፤ ከትከሻቸው የተንጠለጠለ ማኅደር፣ ቆዳው ከእጅ ብዛት ጠቁሮ እንደ ጠገራ ብር የሚያብለጨልጭ፣ ውስጡ ዳዊት። መነጽራቸው አንድ ጎኑ ተሰብሮ በክር ወደ ጆሯቸው ታስሯል።

ልማድ ነውና ጠየቅኋቸው። "አጎቴ፣ አሁን ምን እያነበቡ ነው?"

"ዳዊት።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሰባት ዓመቴ።"

"አላለቀም?"

"እኔ አለቅሁ እንጂ እሱስ አላለቀም።"

150ውን መዝሙር በቃላቸው ያውቁታል፤ እንዲያው ደግሞ ይገልጡታል። ከንባብ ቤት የወጣ ሰው እንዲህ ነው። እዚያ "እያነበብሁ ነው" የሚባል መደበቂያ የለም። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ፣ አንተ ታነባለህ፣ የምትጠብቀዋን አንዲት ፊደል ብታላላት ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ ያርሙሃል። ቅኔ ቤት ሲገባማ የባሰ ነው፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት፣ ግን ትናንት የተቀኘሃትን ዛሬ መድገም አይቻልም። የእኛ የቅዳሜ ማኅበር ዋሸራ ቢላክ እስከ ማክሰኞ አይቆይም።

አጎቴ በአራተኛው ቀን መጽሐፌን ከጠረጴዛ ላይ አነሡት።

"ይህ የጾም ነው የፍስክ?"

"ፍቅር አለበት" አልሁ።

"እንግዲያ ረቡዕና ዓርብ አላነበውም።"

ማክሰኞና ሐሙስ አነበቡት፣ ቅዳሜና እሑድም። በጣታቸው እየተከተሉ፣ ለራሳቸው በዝግታ እያሰሙ፣ አንዳንድ ቦታ ተመልሰው እየደገሙ። ሽሮውን አለፉት፣ ቲኬቱን አለፉት፣ ሀ ሁ ሂ ላይ ሲደርሱ "እጁ ጥሩ ነው" ብለው አለፉ። ከ64 ሲሻገሩ ልቤ ዘለለች፤ ሰው ያልረገጠው አገር ገቡ። በሁለተኛው ሐሙስ ጠሩኝ።

"ይህን መጽሐፍ ስንት ሰው አነበበው አልኸኝ?"

"ዘጠኝ ዐሥር ይሆናሉ።"

"ማኅተሙ አልተፈታም።"

በወጣትነታቸው ቁም ጽሕፈት ሠርተው ነበርና የብርዕ መቅረጫ ካራቸው ከኪሳቸው አትለይም። አወጧት፣ ምላሷን በአውራ ጣታቸው ሞከሩ፣ ገጾቹን አንድ በአንድ፣ ጠጉር ሳያስቀሩ ገመሷቸው። እንደ ገና ዳቦ ነበር የተቆረጠ። እኔ ማየቱ ከብዶኝ ወጣሁ።

ቅዳሜ ጧት ከቅዳሴ ተመልሰው ቁርስ ላይ መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸው ቀልቷል።

"መጨረሻው አስለቀሰኝ" አሉ።

እንጀራው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

"ይህ ደራሲ" አሉ፣ "እስከ 112 ድረስ ደረቅ ነው፣ ሐሜት አይሁንብኝ። ልጁን ያመጣዋል፣ ልጅቱን ይወስዳታል፣ እናትየዋ ትቆጣለች። እንቅልፍ አምጥቶብኝ ነበር። 113 ላይ ግን ቅኔውን አመጣው! ስማቸውን ሁሉ ትቶ በንብ ተናገረ።"

"በምን?"

"በንብ። ርእሱን 'ንብ ማነብ' ይለዋል። ማንበብ እንዳይል አንዲት ፊደል ገደፋት፤ አንባቢ ሆይ ልብ በል ማለቱ ነው። አንባቢና አናቢ ስንት ፊደል ይራራቃሉ? ሰሙ ንብ ነው። ሰምስ ከንብ እንጂ ከወዴት ይመጣል? ወርቁን ራስህ ፈልግ አለ።"

መጽሐፉን ከእጃቸው ተቀብዬ 113ን ገለጥሁት። ከላይ በጉልህ "ዘመናዊ የንብ ማነብ ዘዴ" ይላል። ቀጥሎ የባህላዊ ቀፎ፣ የሽግግር ቀፎ፣ የዘመናዊ ቀፎ ሥዕል። ጥራዝ ክፍል ውስጥ የልብ ወለዱ ስምንተኛ እጥፋት ሌላ ቦታ ቀርቶ የሌላ መጽሐፍ ስምንተኛ እጥፋት ገብቷል፤ የገጹ ቁጥር ያው ስለሆነ ማንም አላየውም። አንድ ቦታ ደግሞ አንድ ንብ አናቢ ማጨሻውን ይዞ፣ የዚያች ልጅ መጨረሻ ቀፎው መሐል ገብቶበት ይቸገር ይሆናል።

ለአጎቴ ልነግራቸው ነበር። አላስገቡኝም።

"እየው" አሉ ጣታቸውን እያሳረፉ፣ "ንግሥቲቱ በ16 ቀን፣ ሠራተኛዋ በ21 ቀን፣ ድንጉላው በ24 ቀን ይፈለፈላሉ ይላል። 16 ማን ናት? ኪዳነ ምሕረት። 21 እመቤታችን። 24 ተክለ ሃይማኖት። እንዲያው በዘፈቀደ የተጣለ ይመስልሃል? ደግሞ ቤቱ ሲጠብ አሮጊቷ ንግሥት የመንጋውን እኩሌታ ይዛ ትወጣለች፣ ቀፎውን ለልጇ ትለቃለች ይላል። ይህቺ እናትየዋ ናት። ያቺ እምቢ ያለችው! በመጨረሻ ቤቱን ለቀቀችላት።"

"ልጁስ?" አልሁ፤ ሳላውቀው ተያዝሁ።

"ልጁማ" አሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ "ድንጉላው ንግሥቲቱን ሰማይ ላይ በተገናኛት በዚያችው ቅጽበት ወድቆ ይሞታል። በሠርጉ ዕለት። ይህ ነው ያስለቀሰኝ።"

ዝም ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው ላይ ከሐዘን በቀር ምንም የለም። ከጎጃም መሪጌታ ፊት ላይ ወርቅ ፈልጎ ያገኘ ሰው ካለ ይንገረኝ።

"አንድ ነገር ብቻ አልተፈታልኝም" ቀጠሉ። "የቀሩት ድንጉሎች። አበባ አይቀስሙም፣ ቤት አይጠብቁም፣ መናደፊያም የላቸውም። የተሠራውን ይበላሉ። ድምፃቸው ግን ከሠራተኛዋ ይበልጣል ይላል። የአበባው ዘመን ሲያልፍ ሠራተኞቹ ገፍተው ከደጅ ያስወጧቸዋል። እነዚህን ማን ብሎ እንደሆነ እንጃ። አንተ ከተማ ውስጥ ስላለህ ታውቃቸው ይሆናል።"

ማኅደራቸውን አንሥተው ወደ ውጭ ወጡ፣ ፀሐይ ላይ ዳዊት ሊደግሙ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መጽሐፉን በጋዜጣው መልሼ ጠቅልዬ እታለም ዘንድ ወረድሁ። ባለባንኩ ቀን አሳልፈሃል ብሎ ተቆጣኝ፤ የሚጠብቀው ሰው አለ፣ እንጅባራ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"ጨረስኸው?"

"ጨረስሁት" አልሁ። ውሸት አይደለም። የመጨረሻዎቹን ገጾች ቃል በቃል አንብቤያቸዋለሁ፤ ከ48 እስከ 112 ያለውን ደግሞ እያነበብሁት ነው።

"እንዴት አገኘኸው?"

"ቅኔ ነው" አልሁ። "በተለይ መጨረሻው ላይ ንቧ ..."

"ንቧ!" አለ ፋርማሲስቱ ደረቱን ይዞ። "እኔን የገደለችኝ እሷ ናት!"

መምህሩ ጡቡን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ንቧ የትውልድ ምሳሌ መሆኗን ጀመረ። ሻምበል በአያታቸው ዘመን ጎጃም ውስጥ የነበረው ንብ ሌላ መሆኑን አከሉ። ባለባንኩም የንቧ አነሣሥ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መሆኑን አረጋገጠ።

እታለም ሲኒዎቹን እየለቀለቀች ነበር። ቀና አላለችም።

"የንቧስ ስም ማን ነበር?" አለች።